አባባ አልለመነም

ለምወድህ፣ ዛሬ ግን በጣም ለተናደድኩብህ ታላቅ ወንድሜ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ሰላምታዬ ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ ተሻለህ? ባለቤትህ፣ ትንሿ ልጅህ፣ አዲሱ ሥራህ፣ ሁሉም ደህና ናቸው? እኛ በጤና አለን፤ እማዬም ጉልበቷን ከማማረር በቀር ደህና ናት። ናፍቀኸናል። ይህን የምጠይቅህ ከልቤ ነው፤ ከዚህ በታች የምጽፈውም ከልቤ ስለሆነ ቁጭ ብለህ አንብበው። በስልክ እንዳልነግርህ ቃል ከአፌ ትነጥቀኛለህ።

አምና የፕላስቲክ ወንበር ገበያውን ሲያጥለቀልቀው፣ ለአባባ የእንጨት ሥራ በኢንተርኔት ገጽ እንድትከፍትለት የለመንኩህ እኔው ነኝ። ያልኩህን መቼም አልረሳኸውም። የዕቃውን ፎቶ አውጣ፣ ቁመትና ስፋቱን ጻፍ፣ በስንት ቀን እንደሚያልቅ ሳትዋሽ ተናገር፣ ስልካችንን አስቀምጥ፣ ለጠየቀህ ሰው ቶሎ መልስ አልኩህ። እንደዚያ ስታደርግ ሥራ መጣ። የመሳቢያውን መጋጠሚያ ከቅርብ ያነሳሁት ፎቶ ብቻውን ሦስት ደንበኛ አምጥቷል። አንተ ግን ያንን የገበያ ኮርስ ከጨረስክ ወዲህ ሌላ ሰው ሆንክ። ሰው ዕቃ አይገዛም፣ ታሪክ ነው የሚገዛው ትለኛለህ። ተመልካች አነሰን ትላለህ። ተመልካች ቁም ሣጥን ያዛል እንዴ?

አባባን ሲሠራ ቀርጬ የላክሁልህ ናፈቀኝ ስላልክ ነው፤ ለአንተ ለልጁ ብዬ ነው። ሰጋቱራ ዓይኑ ውስጥ ገብቶ እንባውን በክንዱ ሲጠርግ፣ ከዚያ ቀና ብሎ ሰላም በይልኝ እያለ ሲስቅ ነበር የቀረጽኩት። አንተ ሳቁን ቆርጠህ ጣልክና እንባውን አስቀረኸው። የለቅሶ ሙዚቃ ጨምረህ ገጹ ላይ ለቀቅከው። ከሥሩም ሰው የረሳው አባት ነው፣ አንድ ወንበር ገዝተን እንባውን እናብስለት ብለህ ጻፍክ። ማን ነው የረሳው? ሰፈሩ ሁሉ ውሃ ልክ እያለ የሚጠራውን፣ ከሠራው ጠረጴዛ እግር ሥር ወረቀት ታጥፎ ገብቶ የማያውቀውን ሰው!

ሰው እንደሆነ መጣ፤ በዚህስ አልተሳሳትክም። ቅዳሜ አንዲት ደህና የለበሰች ሴት ገብታ የአባባን እጅ ይዛ አይዞዎት አባቴ አለችው። እሱም ግራ ገብቶት የትኛውን ወንበር እንደፈለገች ጠየቃት። ብር መሥሪያ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና፣ ወንበሩን ለሌላ ይሽጡት፣ እኔ ለነፍሴ ነው ብላ ወጣች። አባባ መላጊያውን ጥሎ ብሩን ይዞ እየሮጠ ተከተላት። ትሕትናው መስሏት አለቀሰች አሉ። ቁም ሣጥን ያዘዘችው አስተማሪም ትእዛዟን ሰረዘች፤ አቅም ካነሳቸው ላስቸግራቸው አልፈልግም አለችኝ። ገበያ ማለት ይሄ ነው?

አውርደው ብዬ መልእክት ስልክልህ ምን አልክ? ትንሽ ታገሺ፣ ገና እየተስፋፋ ነው አልክ። እንዲህ ያለ መልስ ከአንተ አልጠበቅሁም። ያን ቀን እዚህ ብትኖር ኖሮ ታላቄ ነህ ብዬ አላልፍህም ነበር።

ሰኞ ዕለት ጎረቤታችን በያጁ በስልኩ ለአባባ አሳየው። ክፋት አስቦ አይደለም፤ ታዋቂ ሆኑ ብሎ ደስ ሊያሰኘው ነው። አባባ እስከ መጨረሻው አየው፤ ጽሑፉንም ጮክ ብሎ አነበበው። ከዚያ መጋዙን አጽድቶ ሰቀለና ወደ ቤት ገባ። ይኸው ሦስት ቀኑ፣ እንጨት አልነካም። እማዬ ብትለምነው ብትቆጣው አልሆነም። ለማኝ አድርገውኝ ሰው ፊት ምን ብዬ እቆማለሁ ነው የሚለው። አርባ ዓመት የሠራ ሰው ሥራውን ጠላ፤ እኔን ያንገበገበኝ ይሄ ነው።

አሁን የሚለውን ስማ። ቪዲዮው ለአንተ የላክሁት መሆኑን አውቋል። ነገር ግን አንተ ታደርገዋለህ ብሎ ለአፍታም አላሰበም። ልጄ ሰው አምኖ ስልኩን ሰጥቶ ሰርቀውት ነው ብሎ ደምድሟል። ጻፊለት ያለኝም እሱ ራሱ ነው፤ ልጄ የዚህን ነገር መላ ያውቃል፣ ማን እንደሠራብኝ ፈልጎ ያውጣልኝ ብሎሃል። እኔም እሺ፣ ፈልጎ ያወጣልሃል አልኩት። ለአባባ ስዋሽ የመጀመሪያዬ ነው፤ የዋሸሁትም ለአንተ ብዬ ነው፣ ይህን እወቅልኝ። ቪዲዮውን አውርድ፣ የገጹን የይለፍ ቃል ላክልኝ፣ ከዚያ ደውለህ እውነቱን አንተው ንገረው። እኔ አልነግርልህም።

ባለቤትህን ሳምልኝ። ትንሿንም አክስትሽ ትወድሻለች በላት። እማዬ በደንብ ብላ፣ ብርዱን ተጠንቀቅ ብላሃለች። በያጁ ሰላምታ ይልክልሃል። አባባም እግዜር ይጠብቅህ፣ በሆነው ነገር እንዳታዝን፣ ስልክህን ደግሞ ለማንም እንዳታስነካ ብሎሃል።

ታናሽ እህትህ
ከእንጨት ሥራ ቤቱ ደጃፍ፣ ሐሙስ ኅዳር 12 ቀን