ሀጀር ከጥቅልሏ ስትፈታ

ገርጂ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 1988 ዓ.ም.

እታለም፣ ሰላምታውን ትንሽ አቆይተሽ መጀመሪያ የዛሬ ጠዋቱን ስሚኝ። ሲቲ ሳይነጋ ልጃችንን አጥብታ ለስራ ወጥታለች። ሀጀር ተጠቅልላ ተኝታለች። ውሃ ጥጄ ስመለስ አስመልሳ ጥቅልሉን በሙሉ አርሳዋለች። ቶሎ ፈታኋት። ሌላው መጠቅለያ ገመድ ላይ ነው፣ አልደረቀም። ምን ላድርግ? ራቁቷን ፀሐይ የገባበት አልጋ ላይ አስተኝቼ ጨርቅ ፍለጋ ዞር አልኩ። ጨርቅ ይዤ መለስ ስል ልጅቷ ስራ ላይ ነች! ጭንቅላቷን ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ እያለች ጉንጯን አንሶላው ላይ ትፈገፍጋለች። በአንዱ ተረከዟ የሌላውን እግሯን ቁርጭምጭሚት ትሞርዳለች። ወገቧን ታጣምማለች፣ ጀርባዋን ታሻለች። ደሞ አታለቅስም፤ ኮስተር ብላ ነው። ጨርቁን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

በይ አሁን ሰላምታዬን ተቀበይ። እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽ ተሻለው ወይ? ማሽላው ታጨደ? ወፉስ እንዴት አረጋችሁ ዘንድሮ? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ ከሀጀር ቆዳ በቀር ሁላችን ደህና ነን።

ደብዳቤሽን ሾፌሩ ኑሪ ራሱ አውቶቡሱን እንዳቆመ፣ ሳያሳድር አምጥቶ ሰጥቶኛል። ያልሽውን ሁሉ አንብቤዋለሁ። ወንድ ልጅ ሕፃን አያሳድግም ብለሻል። ከመጋዘን ስራዬ ተቀንሼ ቤት ስለዋልኩ ሞግዚት አልሆንም ብለሻል። የእናቷ ወተት አልተስማማትም፣ ለዚያ ነው ቆዳዋ የተላጠው፣ እሁድ የኑሪ ሚስት ለሰርግ ስትመጣ ይዛልኝ ትምጣ፣ ክፉ ደጉን እስክትለይ እኔ ዘንድ ትደግ ብለሻል። ሲቲም አነበበችው። ሁለቴ አንብባ አጥፋ መለሰችልኝ። ከዚያ ወዲህ ስታጠባ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች።

ወደ ጠዋቱ ልመለስ። ባለፈው ሳምንት ጤና ጣቢያ ይዣት ሄጄ ሲስተር ማስተዋል የምትባለዋ ነርስ ችፌ ነው ብላኛለች። ያሳክካታል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ወላሂ አያሳክካትም አልኩ፤ ስታክክ አንድ ቀን አይቻት አላውቅም። ይህን ስል ልጅቷ ክንዴ ላይ በመቀነት ተጠፍራ ነው! አንቺው አይደለሽ ሲቲ የወለደች ሰሞን መጥተሽ ያስተማርሽኝ፤ እጇ በጎኗ፣ እግሯ ቀጥ፣ እንዲቃና፣ በእንቅልፏም እንዳትደነብር። እኔ ደሞ ታውቂኛለሽ፣ ማሸግ እችልበታለሁ። እጇን አስሬ ሳበቃ አታክክም ብዬ እምላለሁ። ቢፈታም እኮ ገና አልለመደችውም፤ ዛሬ አየኋት፣ ጉንጯን ፈልጋ ጆሮዋን ነው የምትመታው። ስለዚህ የምታክከው በእጇ አይደለም፤ ያገኘችው ነገር ላይ ትታከካለች።

አሁን ደሞ የሚያሳፍረውን ስሚ። አንስቼ ትከሻዬ ላይ አደረግኳት። ያንኑ ጉንጯን ግራ ቀኝ፣ ያንኑ ግንባሯን ሽቅብ ቁልቁል። አየሽ፣ ይህቺን ነገር ሁልጊዜ ታደርጋታለች። ሾላ ገበያ በርበሬ የምትነግደው ጎረቤታችን ውባንቺ፣ የሀጀር አባት ጡት ባይኖረውም ትከሻ አለው፣ ልጅቷ ትስመዋለች እያለች ትቀልድብኛለች። እኔም ደስ ብሎኝ ለሲቲ አውርቻለሁ፣ ላንቺም ባለፈው ጽፌልሻለሁ። ታዲያ ዛሬ አሰብኩት፤ አንሶላውንም ትስማለች ማለት ነው? አንቺ ከብት ታውቂያለሽ፤ ላም እጅ የላትም፣ ሲያሳክካት ግንድ ትፈልጋለች። ግንዱ እኔ ነኝ እኮ! ብቻዬን ሳቅኩ። ቀጥሎ ከፋኝ።

እንግዲህ ነገር ሳልፈትሽ አልተውም። የለበስኩት ያ የመጋዘኑ የሱፍ ሹራብ ነበር። አውልቄ የጥጥ ሸሚዝ ለበስኩ፤ መታሸቱ ቀነሰ፣ አልቆመም። ከዚያ ሲስተር እንዳለችው ለብ ባለ ውሃ፣ ያለ ሳሙና፣ ሳላቆያት አጠብኳት። በፎጣ ሳላሽ ጫን ጫን እያደረግኩ አደረቅኩና እርጥበቱ ሳይለቅ ቫዝሊን ቀባኋት፤ ከጉልበቷ እጥፋት ጀምሬ እስከ ጆሮዋ ጀርባ። አንቺ የላክሽውን ለጋ ቅቤ ሲስተር ቆዳዋን እንዳይነካ ስላለች እኛው በልተነዋል፣ አትቆጪኝ፣ ይጣፍጥ ነበር።

መልሼ ትከሻዬ ላይ አደረግኳት። ጉንጯን ጣል አደረገች። ጠበቅኩ። ግራም ቀኝም አላለችም። እንዲሁ እንደጣለችው ትንፋሿ አንገቴ ላይ እየሞቀ እንቅልፍ ወሰዳት። ዛሬ አልሳመችኝም፣ እታለም። ሳትስመኝ እንዲህ ደስ ይለኛል ብሎ ማን ያስብ ነበር?

ሲቲ ቀትር ላይ የአውሮፕላን ምግብ ከምትሰራበት ኩሽና ስትመለስ ነገርኳት። አንተ ሰውዬ፣ ማከክና መሳም የማትለይ፣ እንዴት ነው ያን ሁሉ ዘመን እቃ ቆጥረህ ያስረከብከው ብላ አላገጠችብኝ። ና አሳየኝ ብላ አልጋው ላይ ወጣች። ሀጀር ስትነቃ ሳንጠቀልላት አገጫችንን ይዘን ቴሌቪዥን እንደሚያይ ሰው ተቀመጥን። መጀመሪያ ምንም የለም። በኋላ ያቺ ተረከዝ ተነሳች። ሲቲ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። አሁን ገና ገባኝ አለች። ስትጠባ ቆይታ ድንገት ትለቅና ግንባሯን ደረቴ ላይ ትፈገፍጋለች፣ ታለቅሳለች፤ ወተቴን ጠልታው ነው ብዬ ነበር አለችኝ። ለካ ወተቱ አይደለም፤ ግንባሯን ነው ያሳከካት። ቫዝሊኑን ቀባናትና አጠባቻት። ፊቷን ወደኔ አዙራ ነው ያጠባቻት።

እስካሁን የደረስኩበት ይህ ነው፦ አንሶላ ላይ መፈግፈግ፣ እግር ለእግር መሞረድ፣ ልብሷ ሲወልቅ መገለባበጥ፣ እንቅልፏ መቆራረጥ፣ ጡት መልቀቅ። ጆሮዋን መምታቷ ከዚሁ ይሁን አይሁን አላወቅኩም፣ ሲስተርን እጠይቃለሁ። እዚያም ጉንጩ የቀላ ሕፃን ካለ ለእናቱ ንገሪያት፤ እጁን አትዪ፣ ሌላውን ገላውን እዪ በያት።

ስላሰብሽልን አላህ ይስጥሽ። ቤትሽ ሰፊ እንደሆነ፣ ለብቻሽም እንደሚሰፋብሽ አውቃለሁ። ማሽላው ጎተራ ሲገባ አንቺ ነይ። አልጋው ሦስት ሰው ይችላል፣ ተቀምጠን እናያታለን። መጠቅለያዎቹን አጥቤ አጥፌ አስቀምጬልሻለሁ።

ጉልበትሽን ያበርታልሽ፣ ያጨድሽው በረካ ይሁንልሽ፣ ደጅሽን የሰው ድምፅ አያሳጣው። ሲቲ እጅሽን ትስማለች።

ወንድምሽ፣ የሀጀር አባት

ለኑሪ የእሁዱን የአውቶቡስ ቦታ አልከፈልኩም።