ውሃ ውስጥ የቆመው እንጨት

ወንድሜ አናጺው፣

ልጄ ያመጣችኝ ከተማ መንገዱ ውሃ ነው፤ ቤቶቹም እንደ ሰካራም ተደጋግፈው ቆመዋል። ቱንቢዬን በመስኮት ባወርደው ከግድግዳው አንድ ስንዝር ራቀ። «አባዬ፣ አራት መቶ ዓመት ቆመዋል እኮ!» አለችኝ። «ዛሬን እንደሚያድሩ በምን አወቅሽ?» ብዬ ጫማዬን ሳላወልቅ ተኛሁ።

ትናንት አንዱን ቦይ ለጥገና አድርቀውት አገኘሁ። ከግንቡ ሥር እንጨት የሚመስል ምሰሶ ተደርድሯል። ቀለም የተቀባ ብረት ይሆናል ብዬ ጠርጥሬ ወረድኩና በሰንጢ ፋቅሁት፤ እንጨት ነው። ብወጋው ግን ሰንጢው አልገባ አለ። የኛ ሰፈር የአጥር እንጨት ሁለት ክረምት አይዘልቅም! ሠራተኞቹ እየጮሁ ጎትተው አወጡኝ።

ይህን ጉዞ አብረን ስናቅድ፣ «ውሃ ውስጥ የዋለ እንጨት አይበሰብስም» ብትለኝ በሰው ፊት ቀጣፊ አልኩህ። አንተም ተቀይመህ ቀረህ። ቀጣፊ አይደለህም።

ልጄ ለከርሞ ሌላ ባለ ቦይ ከተማ እየመረጠች ነው። ያላንተ አልሄድም ብያታለሁ። ባለቤትህን ሰላም በልልኝ፣ ልጆቹን ሳምልኝ፤ ፖስት ካርዱ ጠበበኝ። ያኛውም ከተማ በእንጨት ላይ ነው የቆመው ይላሉ። እኔ አላምንም፤ መጥተህ ተከራከረኝ።

ግንበኛው