ጓደኛህ ሁሉን ነግሮናል

ውድ ዱጋሳ፣

ስልክህን አላነሳ ስላልክ ነው ብዕር ያነሳሁት። ይህን ወረቀት የትኛው ፖስታ ቤት ቢሾፍቱ ድረስ ያደርስልሃል ብለህ እንዳትስቅብኝ፤ እኔም አላውቅም። ዛሬ ቅዳሜ ነው። ሱብሂ ሰግጄ የኩሽናው ጠረጴዛ ጋ ተቀምጫለሁ። እዚህ አሜሪካ፣ ቡርንስቪል ገና በረዶው አልቀለጠም፤ ከመስኮቴ ሥር ያለው ፓርኪንግ አሁን ነው ነጣ ነጣ ማለት የጀመረው። ልጄ ኢቅራ ክፍሏ ውስጥ የተኛች ለመምሰል እየሞከረች ነው። በበሩ ሥር መብራቷ ይታየኛል።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት አንተን ነው። ያን ጁምዓ እንደ ልማዳችን ደውዬልህ ስለ ጉልበትህና እንቅልፍ ስለነሳህ የጎረቤትህ ውሻ ስናወራ ቆየን። ከዚያ ያቺ ጥያቄ ሳላስባት ከአፌ አመለጠች። «ለመሆኑ ያኔ ለአጣሪ ኮሚሽኑ ስለኔ ምን አልካቸው?» አልኩህ። ስታስል ሰማሁህ። «በሚቀጥለው ጁምዓ እንነጋገራለን፤ እኔም የምጠይቅህ አለኝ» ብለህ ዘጋኸው። በሚቀጥለው ጁምዓ ብደውል፣ ብደውል፣ የለህም። በቃ፣ ተነቃብህና ሸሸህ አልኩ።

የሆነውን ታውቀዋለህ። ግን እኔ ከቆምኩበት ሆኜ ነግሬህ አላውቅም። አስመራ ነን፣ ሰማንያ ዓመተ ምሕረት፣ ጦርነቱ የከፋበት ጊዜ። አንተ ሻምበል፣ የሩሲያ ሥሪት የሆነው የቦምብ ጣዩ ሚግ አብራሪ። እኔ ከክንፉ ሥር ቦምብ የምሰቅል ቴክኒሻን። የዚያን ዕለት የሰቀልኩልህን ሁሉ አንድ በአንድ ፈትሼ፣ ክንፉን መታ መታ አድርጌ ሸኘሁህ። ስትመለስ አንዱ ቦምብ አልወርድ ብሎህ ክንፍህ ሥር ተንጠልጥሎ ነበር። ጎማህ አስፋልቱን ሲነካ ወደቀ። ከኋላህ ፈነዳ። አውሮፕላኑ ጭራው እየነደደ ከመንደርደሪያው ወጥቶ አፈር ውስጥ ተሰካ፣ አንተ ዘለህ ወረድክ። ጓደኛችን ሂርጳ ግን የእሳት አደጋ መኪናውን ይዞ በጠርዙ በኩል ይከተልህ ነበር። ፍንዳታው እሱን አገኘው።

የሩሲያው አማካሪ የእናንተ ሰዎች ጥፋት ነው አለ። አለቆቻችን ደግሞ አሻጥር ነው አሉ። ያኔ አሻጥር የምትባለው ቃል ሰው ትበላ ነበር። እኔን አንድ ክፍል፣ አንተን ሌላ ክፍል አስገቡን። መርማሪው፣ ያ ጥርሱን በክብሪት እንጨት የሚጎረጉረው፣ ገና ከመቀመጤ «ጓደኛህ ሁሉን ነግሮናል፤ አንተ አረጋግጥልን ብቻ» አለኝ።

ሁሉን ማለት ምንድን ነው ዱጋሳ? ቦምቡን ጓደኛዬ አብዱልመናን አበላሽቶ ሰቀለው አልክ? አሻጥረኛ ነው አልክ? ያን ቀን ሆዴ ውስጥ የገባው ነገር እስከ ዛሬ አልወጣም። ከዚያ ምንም ሳይሉን ለቀቁን። እኔን ድሬዳዋ ወረወሩኝ፣ አንተን ከበረራ አወረዱህ። ነግረህብኝ ከሆነ ለምን አልገደሉኝም? ካልነገርክስ ያ ሰውዬ ከየት አመጣው? ሰርጌ ላይ ሚዜዬ ሆነህ ከጎኔ ቆመህ ስትስቅ እንኳ እኔ ጥርስ ጥርስህን እያየሁ ይኼን ነበር የማስበው። ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር ይባላል። እኔ ያንተን ገንፎ ዕድሜዬን ሙሉ እየበላሁ ስንጥሩን በምላሴ ስፈልግ ኖርኩ። ወዳጅነትህን ግን አልተውኩም። እንዴት እንደሚሆን አትጠይቀኝ፣ ሆነ።

እና ስትጠፋብኝ ደግሜ ደጋግሜ ደወልኩ። አንድ ቀን የማላውቀው ሰው አነሳው። ከጀርባው የብዙ ሰው ድምፅ ይሰማል፣ ወንበር ይጎተታል። «ዱጋሳ የለም?» ስል ሰውየው «ማን ልበል?» አለ፣ ስሜን ስነግረው ስልኩን ዘጋው። ድግስ ደግሶ ሊደብቀኝ ነው ብዬ ተናደድኩ። አየህ፣ ክፉ ነገር ለማሰብ ማን ይቀድመኛል። እውነተኛው ክፉ ነገር ግን አልመጣልኝም።

በማግስቱ ኢቅራ «አባዬ፣ ስልክህ ቫይረስ ገብቶበታል፣ ልውሰድና ፊክስ ላድርገው» አለችኝ። ስልኬ ምንም አልሆነም ነበር። ወስዳው ቀረች። ልጇ ቱባም፣ ቀኑን ሙሉ ጆሮዋ ላይ የምትሰካውን ነገር አውልቃ አጠገቤ ተቀመጠችና «ባባ፣ ቴል ሚ አባውት ዩር ፍሬንድ» አለችኝ። የልጅ ልጄ ከተወለደች ስለ ጓደኛዬ ጠይቃኝ አታውቅም። እናቷ ከኩሽና ሆና በዓይኗ ስትቆጣት አየሁ።

እራት ላይ ወጥመድ ዘረጋሁ። «ዱጋሳን በቪዲዮ አገናኚኝ» አልኳት። ማንኪያዋ አፏ ጋ ሳይደርስ ቆመ።

«እዚያ ኢንተርኔት ተቋርጧል አባዬ።»

«ጎረቤታችን ዛሬ ጠዋት ከእናቱ ጋር ሲያወራ ሰምቼዋለሁ እኮ።»

«ሜይቢ አዲስ አበባ ብቻ ነው የሚሠራው።»

«እናቱ ያለችው ደሴ ነው» አልኳት። ተነስታ ያልቆሸሸ ሳህን ማጠብ ጀመረች።

ሐሙስ ዕለት ደግሞ ከሥራ ኦፍ ወስዳ ክሊኒክ ይዛኝ ሄደች። አፖይንትመንቴ ገና ወር ይቀረዋል። ነርሷ ግፊቴን ለክታ ደህና ነው ስትላት፣ ኢቅራ ዝቅ ባለ ድምፅ «ሶ፣ ካን ሂ ሃንድል ባድ ኒውስ?» አለቻት። ክፉ ወሬ መስማት ይችላል ወይ ማለቷ ነው፤ እንግሊዝኛ ሲፈጥን አይገባውም ብላ። ኤርፖርት ጋሪ ስገፋ የኖርኩ ሰው ባድ ኒውስ አይገባኝም? መጀመሪያ የራሴን ሞት ጠረጠርኩ፣ ወላሂ። ደብቀውኝ ነው፣ ካንሰር አግኝተውብኛል አልኩ። መኪና ውስጥ ሆኜ ማን ጀናዛዬን ተከትሎ እንደሚመጣ መቁጠር ጀምሬ ነበር። ከዚያ ስልኬ ትዝ አለኝ።

የሂርጳን ሚስት፣ ዳራርቱን ታስታውሳታለህ። ሂርጳ የሞተ ዕለት፣ እኛ ገና ሳንታሰር፣ ዘመዶቿ ደርሰው መርዶውን እስኪያረዷት ድረስ እንዳትሰማ ተብሎ እኔ ቤቷ ተላክሁ። ሬዲዮኗን «ድምፁ ይንኮሻኮሻል፣ ላሠራልሽ» ብዬ ይዤባት ወጣሁ። ሬዲዮው ምንም አልሆነም ነበር። እንግዲህ ልጄ እኔው የሠራሁትን ሥራ መልሳ እኔው ላይ ሠራችው። ያም ሆኖ ተስፋ አልቆረጥኩም። ሌላ ሰው ይሆናል አልኩ፣ ወሎ ካሉት ዘመዶቼ አንዱ ይሆናል። ለእነሱ ሞት ስመኝ ራሴን ያዝኩትና አፈርኩ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ እኅትህ ጃለኔ ከጎረቤት ከተማ ከዉድበሪ መጣች። በሥራ ቀን፣ ሳትደውል። ቤታችን ሂተሩ ይፈጃል፣ እሷ ግን ኮቷን እስከ አንገቷ ቆልፋ ተቀመጠች። «አውልቂው እንጂ» ስላት «በርዶኛል ጋሼ» አለች፤ ግንባሯ ላይ ላብ ይታያል። ኢቅራ ሻይ ላፍላ ብላ ገባች። ጃለኔ ጣቶቿን እያፍተለተለች ቆየችና አንገቷን ደፍታ ጀመረች።

«ጋሼ አብዱልመናን፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ እንዳትቆጣኝ። ያኔ ስለ ዱጋሳ ለኮሚሽኑ ምን ብለህ ነበር?»

ደሜ ፈላ። እኔ የጠየቅኩትን ጥያቄ ገልብጦ በእኅቱ ላከብኝ አልኩ። «ማን ላከሽ?» አልኳት።

«ማንም አልላከኝም። ዱጋሳ ዕድሜውን ሙሉ እኔን የሚጠይቀኝ ነው። መርማሪው ጥርሱን በክብሪት እንጨት እየጎረጎረ "ጓደኛህ ሁሉን ነግሮናል፤ አንተ አረጋግጥልን ብቻ" ብሎታል። ያቺን ቃል ከሆዱ አላወጣትም። ግን እኔ አንተን እንዴት ብዬ ልጠይቅህ ጋሼ?»

ዱጋሳ፣ ያው ሰውዬ፣ ያው ክብሪት፣ ያው ቃል። ከአንዱ ክፍል ወጥቶ ሌላው ክፍል ሲገባ እንኳ ሌላ ውሸት ለመፈለግ አልደከመም። አንድ ውሸት ለሁለታችን አብቃቃን። እኔ ስጠረጥርህ፣ አንተም ስትጠረጥረኝ፣ በየጁምዓው ስለ ጉልበትና ስለ ውሻ እያወራን አረጀን።

«ጥሩ አብራሪ ነው፣ ሌላ የማውቀው የለም ነው ያልኩት» አልኳት። «አላህ ምስክሬ ነው፣ ከዚህ ሌላ አንዲት ቃል አልወጣኝም።»

«እሱስ ምን አለ?» ብዬም ጠየቅኳት።

«እሱን ነግሮኝ አያውቅም» አለች።

ያኔ የመጨረሻውን ወጥመድ ዘረጋሁ። ወጥመድ ብዬ ግን አልነበረም፣ ከልቤ ነው። «እንግዲያው ዛሬውኑ ደውለሽ ንገሪው። ምንም አላለም በይው» አልኳት። አንገቴን አቀፈችኝ፣ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል። ከዚያ ሮጣ መታጠቢያ ቤት ገብታ ውኃውን ለቀቀችው። ውኃው እየፈሰሰም ድምፅዋ ይሰማ ነበር። ስትወጣ ከኮቷ አንድ ቁልፍ ተፈትቷል። ከሥር ጥቁር ለብሳለች።

እኔም እንዳላየ ሆንኩ። ሻዬን ጠጣሁ። ኢቅራም ኮሪደሩ ላይ ቡና ቤት የሚሞላ ታጣፊ ወንበር ደርድራ «የቱባ ትምህርት ቤት ፓርቲ አለ» ስትለኝ እሺ አልኳት። እዚህ አገር መርዶ ቅዳሜን ይጠብቃል፣ ሰው ሥራ አለበታ። ሬሳህ አፈር ከገባ ቆይቷል፣ እኔ ግን እስከ ዊክኤንድ ድረስ በሕይወት አቆይቼህ ነበር። ስትሸሸኝ፣ ስትደብቀኝ፣ ስታኮርፈኝ። ወንድሜ፣ ምነው ባኮረፍከኝ ኖሮ።

ተናድጄብሃለሁም። አንድ ጁምዓ ብትቆይ ምን ነበረበት? የምጠይቅህ አለኝ ብለኸኝ እኮ ነው የሄድከው።

አሁን መኪኖች እየገቡ ነው። የመጀመሪያዋ የጃለኔ ናት። ሦስት ሽማግሌዎች ከኋላ ካለችው ወረዱ፣ አንዱ የመስጊዳችን ሰው ነው፣ አንዱ የእናንተ ቤተ ክርስቲያን ሰው ይመስለኛል። የመኪናቸውን በር ድምፅ እንዳይሰማ በወገባቸው ገፋ አድርገው ይዘጉታል። ኢቅራ በባዶ እግሯ ኮሪደሩ ላይ ስትራመድ እሰማለሁ። አሁን መጥታ «አባዬ፣ ነቅተሃል እንዴ?» ትለኛለች።

እንዳልሰማ ሰው እሆንላቸዋለሁ። ይህን ያህል ደክመው የደበቁትን አላበላሽባቸውም፣ ልጄም ዳግመኛ አትዋሽ። ለቅሶው ግን የሐሰት አይሆንም።

አንተ ስለኔ ምን እንዳልካቸው የሚነግረኝ ሰው ዛሬ ከምድር ላይ የለም። ታውቀኛለህ፣ ካላየሁ አላምንም፣ ያልጠረጠረ ተመነጠረ እያልኩ ነው የኖርኩት። ይህቺን አንዷን ግን ሳላይ አምኛለሁ። አንተም ዝም ብለሃል። ነግረሃቸው ቢሆን ኖሮ ያ ሰውዬ ያንኑ ውሸት ይዞ ሁለት ክፍል ለምን ይመላለስ ነበር?

በሩ ተንኳኳ። ደህና ሁን ሻምበሌ።

ምንም ያልነገራቸው ጓደኛህ፣
አብዱልመናን