የጋሼ ጠመኔ ሕይወትና የድንጋዩ ጥግ

ብዙዎቻችሁ ጋሼ ጠመኔ እያላችሁ የምትጠሯቸው መምህር፣ ከአባታቸው ከጀልባ ሠሪውና ከእናታቸው ከመረብ ጠጋኟ፣ በዚሁ መንደር በላይኛው ሰፈር፣ ታላቁ ሙላት በመጣበት ዓመት ተወለዱ። በእኛ ዘንድ ዘመን የሚቆጠረው በውሃው ነውና ከዚህ የተሻለ የልደት ቀን አልተገኘላቸውም። እናታቸው ሲጠየቁ «ውሃው ደጃፋችንን ለቆ፣ ጭቃው ገና ሳይደርቅ» ይሉ ነበር። ጭቃው መቼ እንደደረቀ ደግሞ ማንም አያውቅም።

መንደሩን ለማያውቅ እንግዳ፦ ከኋላችን ገደል፣ ከፊታችን ሐይቅ ነው፤ ሰው የሚኖረው በመካከላቸው ባለው ጠባብ መሬት ላይ ነው። ጠዋት ነፋሱ ከገደሉ ወደ ውሃው ይወርዳል። ከሰዓት በኋላ ከውሃው ወደ እኛ ይመጣል፣ ሲመጣም ምሕረት የለውም። በስተግራ ከውሃው ውስጥ የወጣ ትልቅ ድንጋይ አለ፤ ከድንጋዩ ጀርባ ያለውን ውሃ ነፋስ አይነካውም። ጥጉ የምንለው ይህንን ነው። ጀልባውን እዚያ ያሰረ ሰው ሳይሰጋ ቤቱ ገብቶ ጋደም ይላል። በስተቀኝ ያለው አሸዋ ሰፈር ግን ከለላ የለውም። የዚያ ሰዎች በየቀኑ ነፋሱ ሳይደርስባቸው ጀልባቸውን በገመድ ጎትተው፣ በትከሻ ገፍተው አሸዋው ላይ ያወጣሉ። ጥጉ ለሁሉም ስለማይበቃ የቆየ ሕግ አለው፦ ቀድሞ የመጣ ቤተሰብ በጥጉ ያስራል፣ ኋላ የመጣ ይጎትታል።

መምህሩ ፊደል የቆጠሩት በማዶ ነው፤ ሐይቁን በጀልባ እየተሻገሩ። ትምህርታቸውን ጨርሰው ሲመለሱ መንደሩ የመጀመሪያውን ትምህርት ቤት ሠርቶ ጠበቃቸው። አንድ ክፍል፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ወደ ሐይቁ የሚያይ አንድ መስኮት። ተማሪው ጀልባ ሲያይ እየዋለ ቢያስቸግራቸው አግዳሚ ወንበሮቹን ሁሉ አዙረው ጀርባ ለመስኮቱ ሰጡት። ግድግዳው ላይ የመንደሩን ካርታ በቀለም ሳሉ። ኮታቸው ኪስ ውስጥ ጠመኔ ስለማይጠፋ፣ ሲያራግፉት ክፍሉ ጭጋግ የወረደበት ይመስል ነበር፤ ስማቸውም ከዚያ ወጣ።

ቁጥሩንም ንባቡንም አስተምረዋል። የሚወዱት ግን የመንደራችንን ታሪክና መልክዓ ምድር ነበር። በዓመቱ መጀመሪያ ሰሌዳው ላይ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ብለው ይጽፉና እንዲህ ይጀምራሉ፦ «አያቴ በዚህ ዳር የብረት መልህቃቸውን ሲጥሉ ከወፍ በቀር ማንም አልነበረም። አሸዋ ሰፈር ቆይቶ መጣ።» የአሸዋ ሰፈር ልጆችም እዚያው ተቀምጠው፣ ኋላ የመጡ መሆናቸውን በራሳቸው እጅ እየጻፉ ፈተና አለፉ። አንድ ጊዜ ብቻ ሳቂታው የምንለው የአሸዋ ሰፈር ልጅ እጁን አውጥቶ፣ አያቱ ጥጉ የእኛ ነበር እንደሚሉ ተናገረ። መምህሩም «የአያትህን ተረት እቤትህ፤ እዚህ ታሪክ ነው» አሉት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሳቂታውም እንደ ልማዱ አብሮ ሳቀ።

በዚህ ጊዜ የመንደሩን ተማሪ ልብስ ሁሉ የሚሰፉትን ልብስ ሰፊዋን አግብተው አንዲት ሴትና ሁለት ወንዶች ልጆች ወለዱ። ሴቲቱ በማዶው ጤና ጣቢያ ነርስ ናት፤ ይህንንም የጻፈችው እሷ ናት። ወንዶቹ ዓሣ አጥማጆች ናቸው፤ ጀልባቸውን ሲያስሩ የኖሩትም በጥጉ ነው።

ልጆቹ ገና ትንንሽ ሳሉ ዝናብ ጠፋና ሐይቁ ሸሸ። ድንጋዩ ከታላቁ ሙላት ወዲህ ታይቶ የማያውቀውን እግሩን አወጣ። መምህሩ ቀትር ላይ፣ ሰው ሁሉ ለምሳ ቤቱ በገባበት ሰዓት፣ ካርታቸውን ሊያስተካክሉ ወደ ጥጉ ወረዱ። ከጭቃው ውስጥ እሳት ያጠቆራቸው የምድጃ ድንጋዮችና የበሰበሱ የቤት ምሰሶ ጉቶዎች አገኙ። ከመካከላቸውም ባለ ሁለት ቀዳዳ መልህቅ ድንጋዮች ነበሩ። ባለ ሁለት ቀዳዳ መልህቅ እስከ ዛሬ የአሸዋ ሰፈር ሥራ ነው፤ በአንዱ ቀዳዳ ገመድ፣ በሌላው አሸዋ የሚቆነጥጥ እንጨት ይገባበታል። የእሳቸው ቤተሰብ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከብረት በቀር እንደማያውቅ ደግሞ ራሳቸው ሲያስተምሩ ኖረዋል። በጥጉ ቤት ሠርቶ፣ እሳት አንድዶ የኖረ ሰው ነበር፤ እሱም አሸዋ ሰፈር ነው።

በቀጥታ ወደ እናታቸው ሄደው ያዩትን ነገሯቸው። እናታቸው መረብ እየጠገኑ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ፣ «ታዲያ አታውቅም ኖሯል? አያትህና ወንድሞቻቸው ናቸው ያስወጧቸው። ቤቱን በላያቸው አፈረሱት። እኔ ሙሽራ ሆኜ ስመጣ ተወርቶ ያለቀ ነገር ነበር» አሏቸው። ለምን እስካሁን ዝም እንዳሉ ቢጠይቋቸው፣ «አንተ ስታስተምር ስሰማ፣ የተማረ ሰው የሚያውቀው ነገር ይኖራል ብዬ ነዋ» አሉ።

በማግስቱ ቀትር መምህሩ መልህቅ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ተሸክመው ጀልባ ላይ ጫኑ፣ ወደ ጥልቁ ቀዝፈውም ጣሏቸው። ጉቶዎቹን ነቅለው፣ የምድጃውን ድንጋይ በተኑት። ከሰዓት በኋላ ክፍል ገብተው ያንኑ ትምህርት አስተማሩ። እጃቸው ከጭቃው ገና ስላልደረቀ ጠመኔው አልጽፍ ብሏቸው ተማሪው ሳቀባቸው።

ምን ቆርጧቸው ይህን አደረጉ? ለልጃቸው ሲነግሯት ምክንያት አልደረደሩም። «አፈርኩ» ነው ያሉት። በአያታቸው አፈሩ፣ ሰሌዳ ፊት ቆመው ሲናገሩት በኖሩት አፈሩ፤ እፍረቱን ለመሸፈን የሠሩት ግን ከፊተኛው ሁሉ የባሰ አሳፋሪ ሆነ። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱም ይባላል፤ ወንዶች ልጆቻቸው ነገ ጀልባቸውን የት እንደሚያስሩም ሳያስቡ አልቀሩም።

ዝናቡ ተመለሰ፣ ሐይቁም ሞላ። ሳቂታው አድጎ ዓሣ አጥማጅ ሆነ። አንድ ቀን ነፋሱ ከሰዓቱ ቀድሞ መጣና አሸዋ ላይ የሚጎትቱት ጀልባ ተንሸራቶ እግሩን ቀጠቀጠው። መንደሩ ሁሉ ሲሮጥ መምህሩም ሮጡ፣ ጭንቅላቱን ጭናቸው ላይ አኖሩት። ሳቂታው በዚያ ሥቃይ ውስጥ ሆኖ «ጋሼ፣ ኮትዎን አበላሸሁብዎ» አላቸው።

ከዚያ ወዲህ በሳቂታው ደጃፍ ላለማለፍ ሲሉ ወደ ትምህርት ቤት በገደሉ ሥር ባለው በረጅሙ መንገድ መሄድ ጀመሩ። ሳቂታው ደግሞ መምህሬ አርጅተው ብቻቸውን በዚያ ገደል ሥር እንዳይወድቁብኝ ብሎ፣ በከዘራው እያነከሰ ሊሸኛቸው ወጣ። በየጠዋቱ ጎን ለጎን ይሄዱ ነበር፤ አንዱ እየቀለደ፣ ሌላው መሬት መሬት እያየ። መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው የሚመርጡባቸው ጠዋቶች እንደነበሩ ተናግረዋል።

አንድ ጊዜ መውጫ በር ተከፍቶላቸው ነበር። ከዚያ አደጋ በኋላ አሸዋ ሰፈር ጥጉን በተራ እንጠቀም ብሎ የመንደሩን ሽማግሌዎች ለመነ። ሽማግሌዎቹም «ማን እንደቀደመ መምህሩ ይንገሩን» አሉ። መምህሩ ተነሡ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እውነቱ ምላሳቸው ጫፍ ላይ እንደነበረ ምለው ለልጃቸው ነግረዋታል። ከአፋቸው የወጣው ግን «እንደተማራችሁት ነው» የሚል ሆነ። ነገሩ በዚያው ተዘጋ። በዓመቱ ታሪክ ማስተማሩን ተዉ፤ ግድግዳው ላይ ያለውንም ካርታ ኖራ ቀቡት። በምትካቸው የመጣው ወጣት መምህር እሳቸውን ደስ ያሰኘ መስሎት መልሶ ሳለው፣ ለምረቃውም ጠራቸው፤ ሄደው አጨበጨቡ።

ከጡረታ በኋላ ሳንባቸውን ታመሙ። ልጃቸው ስታስታምማቸው ሳለ ይህን ሁሉ ዘርግፈው ነገሯትና «ስሞት አንብቢልኝ» አሏት። እሷም ተቆጣች። «ሳቂታው በየቀኑ እየመጣ እግርዎን ያሻል፤ ለምን ራስዎ አይነግሩትም?» ብትላቸው «ፊቱን እያየሁ አልችልም» ብለው ወደ ግድግዳው ዞሩ። አባት ቤት ያወርሳል፣ ጀልባ ያወርሳል፤ የራሱን ይቅርታ ለምኑልኝ ብሎ ማውረስ ግን ተገቢ አይደለም። ይህም በሕይወት ታሪካቸው ውስጥ ይግባ። ቢሆንም ከዚያች ቀን በኋላ እንቅልፍ እንደወሰዳቸው መካድ አይቻልም፤ ልጃቸውም ለዚያ እንቅልፍ ስትል ቃል ገባች።

ወንዶች ልጆቻቸው የአባታችንን ገመና በአደባባይ አናወጣም ብለው ተከራክረው ነበር። ክርክሩን የጨረሱት እናታቸው፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ናቸው። «እሱ ብቻውን ሲያፍር ኖረ። አሁን ተራው የእኛ ነው» አሉ። የልጆቻቸው ጀልባ ከጥጉ ተፈትቷል። ከዛሬ ጀምሮ አሸዋው ላይ እንደማንኛውም ጀልባ ይጎተታል። የተፈታው ቦታ የአሸዋ ሰፈር ነው። መንደሩ ስለቀረው ጥግ ሲመክር፣ እዚህ የተነበበው እንደ መምህሩ ምስክርነት ይያዝ።

መምህሩ ባለፈው ሐሙስ ጠዋት፣ ነፋሱ ከገደሉ ወደ ውሃው በሚወርድበት ሰዓት፣ ባለቤታቸው እጃቸውን እንደያዙ ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ አንዲት ሴትና ሁለት ወንዶች ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውንና በእሳቸው እጅ ፊደል የቆጠረ አንድ ሙሉ መንደር ትተው ሄደዋል።

መርዶውን ሰምቶ ቀድሞ የደረሰው ሳቂታው ነው። አልቅሶ ሲያበቃ «የሳጥኑን የፊት ቀኝ እኔ እሸከማለሁ፤ ስለ እግሬ ማንም እንዳይከራከረኝ» ብሎ ቦታውን ያዘ። የሕይወት ታሪክ የሚነበበው መቃብር አፋፍ ላይ እንደሆነ እናውቃለን። ዛሬ ግን አስከሬኑ ሳይነሣ፣ እዚሁ ግቢ ውስጥ እንዲነበብ ቤተሰቡ የለመነው ስለዚህ ነው። ሳያውቅ ሊሸከማቸው አይገባም። አሁን ሰምቷል። ትከሻውን ቢሰጣቸው ቸርነቱ ነው፤ ባይሰጣቸው ማንም ክፉ እንዳይናገረው፣ ታናሹ ልጃቸው አጠገቡ ቆሟል፣ ቦታውን ይረከባል። ፈጣሪ የመምህሩን ነፍስ በምሕረቱ እንዲቀበል እንለምናለን፤ ከዚያ አስቀድመን ግን፣ ወንድማችን ሳቂታው፣ አንተን እንጠብቃለን።