ለትርሐስ የቆጠብኩት ቻርጅ

ፋንዬ፣

ሥራ ላይ ነሽና ሆቴሉ ድረስ ሰው አልላክሁብሽም። እኅቴ ትርሐስ አርፋለች። ልጇ ጋሻዬ ጎህ ሲቀድ መጥቶ ነገረኝ፤ ለቀብሯ አብሬው ወደ መንደሯ ወደ ሙጃ ሄጃለሁ።

ሽሮው ድስቱ ውስጥ ነው፣ አሙቀሽ ብዪ። ብቻሽን እንዳታድሪ፤ ጎረቤታችን ዓለምእሸት ጋ እደሪ። በሩን ቆልፈሽ ደግመሽ እዪው።

ስልኬን ትራስሽ ላይ ትቼዋለሁ። ያን አፕዴት የምትዪውን ካስገባሽበት ወዲህ ጠዋት ሞልቶ ቀትር ሳይደርስ ይዘጋል። ለደግ ብለሽ ነው፣ አውቃለሁ።

"እማማ፣ እርስዎ እየነካኩት እኮ ነው ባትሪው የሚያልቀው" ስትዪኝ ግን ከፍቶኝ ነበር።

ከዚያ ወዲያ አልነካሁትም። ቀን ቀን አጠፋሁት። ትርሐስ ታመመች ከተባለ ጀምሮ፣ ማታ ትደውል ይሆናል፣ መሐል ላይ እንዳይዘጋብን ብዬ ቻርጁን ለሷ እቆጥብ ነበር።

ለካ እነሱ ኔትዎርክ የሚያገኙት ተራራው ላይ ሲወጡ ነው። ማታ ማን ይወጣል?

"እናቴ የእኅቴን ድምፅ አሰሙኝ እያለች ሦስት ቀን ሙሉ ቀን ቀን ደወልን፤ ዝግ ነው ይለናል" አለኝ ጋሻዬ። እንባ እንኳ አልመጣልኝም። ነጠላዬን ፈልጌ ለበስኩ፣ ይኸው ነው።

ስልኩን ቻርጅ አድርጌዋለሁ፣ ሙሉ ነው። ይዤው አልሄድኩም፤ ከሙጃ የምትደውልልኝ እሷ ነበረች።

አንቺ ግን የራስሽን እንዳታጠፊው። ስንደርስ ጋሻዬን ተራራው ላይ አስወጥቼ አስደውልልሻለሁ።

አያትሽ