ሰይዶ፣ ሞተሩን ፈታሁት

ሰይዶዬ፣ የልጆቼ አባት፤ አላህ ቀብርህን ያስፋልህ።

ከተለየኸኝ ሦስተኛው ወር ተጋመሰ። አራት ወር ከአሥር ቀኑ ዒዳዬ ስላላለቀ ከግቢ አልወጣም፤ ያረፍክበትን ቦታ እንኳን አላየሁትም። ዘንድሮ የሮቢት ፀሐይ ጨክናለች። ልጆቹ ደህና ናቸው ብልህ ውሸት አይሆንም፤ ይበላሉ፣ ይማራሉ። ትንሿ ግን ባጃጅ በቆመ ቁጥር ወደ በሩ ትሮጣለች። ሐኪም ቤት በባጃጅ ስለሄድክ በባጃጅ የምትመለስ ይመስላታል። ተመለሺ እላታለሁ።

የምጽፍልህ ስለ ሽንኩርቱ ነው። አንተ የተከልከው ሽንኩርት ሊሞትብኝ ነው፤ ይኼንን ለማን እንደምነግር ጠፋኝ።

ችግኙን ስትተክል ትኩሳቱ ጀምሮህ ነበር። ታችኛውን መደብ ጨርሰህ ላይኛውን፣ ግራሩ ጥግ ያለውን፣ እየተንቀጠቀጥክ ተከልከው። መስመሩ ጠመመ። ወንድምህ ዑመር «ይኼ የሽንኩርት መስመር ነው የእባብ መንገድ?» ብሎ ሲያሾፍብህ፣ «ወጥ ውስጥ ሲገባ ማን ያየዋል?» አልከው። ከዚያ ቤት ገብተህ ተኛህ። ወደ እርሻው አልተመለስክም።

የለቅሶው ሳምንት የውሃ ተራችን ደረሰ። ወንዙ ሲቀንስ የውሃ አባቱ ጋሼ ይማም እንዴት እንደሆኑ ታውቃለህ፤ ለየሰዉ ቀን ይቆርጣሉ፣ ተራው ያመለጠው ዙሩ እስኪመለስ ይጠብቃል። እኔ ቤት ተቀምጫለሁ፣ ዑመር ለቀስተኛ ያስተናግዳል። ጎረቤቶችህ «የሰይድ ሽንኩርት እኛ እያለን አይጠማም» ብለው ወረዱ። እየተፈራረቁ ሲያጠጡ ዋሉ። አንተ የውሃ ሞተሩን መምጠጫ ቱቦ አፍ ቅርጫት ውስጥ ከተህ፣ አሸዋ እንዳይስብ ቅርጫቱን ድንጋይ ላይ ከፍ አድርገህ እንደምታስቀምጠው ማን ይንገራቸው? ቅርጫቱ ውሃውን አዘገየባቸው። ቶሎ ጨርሰው ወደ ለቅሶው ለመመለስ አውጥተው ጣሉት። ዑመርም ከዚያ በኋላ እነሱ እንዳደረጉት ቀጠለ። ሞተርህ በየተራው የሮቢን ወንዝ አሸዋ ሲጠጣ ከረመ።

ማንን ልውቀስ? ቤቴ መጥተው ያለቀሱልኝን? ለአንዳቸውም አልነገርኩም፤ አልነግርምም።

ባለፈው ተራ ሞተሩ ይጮኻል፣ ውሃ ግን የለም። ማስተላለፊያው ሸራ መሬት ላይ እንደተገፈፈ ቆዳ ተኝቷል አሉኝ። ዑመር ካንዴላውን ቀየረ፣ ቤንዚኑን ደፍቶ ሌላ ሞላ፤ ምንም። ተራችን አለፈ፤ ያውም ሽንኩርቱ ራስ መቋጠር በጀመረበት ጊዜ። ሲመለስ በሩ ላይ ቆሞ «እትዬ፣ እኔ ከዚህ በላይ አልቻልኩም። ሽንኩርቱን እንርሳው፤ መሬቱንም ለእኩል ለሚያርስ እንስጠው» አለኝ። ክፋት የለውም፣ ደክሞታል። እኔ ግን ወዲያው የሚመጣው ታየኝ። መሬቱ አንዴ ለእኩል ከሄደ፣ የእኔ ድርሻ በር ላይ ተቀምጦ ሰው የሚሰፍርልኝን መጠበቅ ነው።

«ሞተሩን አምጣልኝ» አልኩት።

«ምን ልታደርጊው?»

«አንተ አምጣው ብቻ።»

በባጃጅ ጭኖ አመጣው። አንተ ስትፈታ ጆንያ አንጥፌ ብሎኖቹን በተፈቱበት ተራ እደረድርልህ ነበር። «አንቺ የስኳር መጠቅለያ እንኳን ሳታነቢ አትጥይም፤ በይ ይኼንንም አንብቢው» ትለኝ ነበር። እንግዲህ አነበብኩት። ክዳኑን ከፈትኩ። ውሃውን የሚገፋው ብረት ክንፎቹ ተበልተው እንደ አሮጊት ጥርስ ቀርተዋል። ዝገቱ ስለያዘው አልወጣ አለኝ። ላምባ አፍስሼ አቆየሁት፤ ከዚያ እንዳንተ እንጨት ደግፌ፣ ከሚዞርበት በተቃራኒ ቀስ እያልኩ መታሁት። ባልለቀቀ ቁጥር አንተን ስጠራ ልጆቹ ከውስጥ ሰሙኝ።

ዑመር ከተማውን ቢዞር ዕቃው የለም፤ ከአዲስ አበባ ይመጣል እያሉ መለሱት። ካራቆሬ ድረስ ሄዶ ከተበላሸ ሞተር ላይ የተፈታ አገኘ። አሮጌ ነው፣ ግን ክንፉ ሙሉ ነው። ገባ። የክዳኑ ላስቲክ ስለተቀደደ ከባጃጅ ጎማ ውስጥ ላስቲክ ቆርጬ ተካሁት። ፓምፑን ውሃ ሞልተን፣ ቱቦውን በርሜል ውስጥ ከተን አስነሳነው። ውሃው ወጥቶ ዑመርን ፊቱ ላይ መታው። «እትዬ፣ ጋራዥ እንክፈትልሽ!» ብሎ ሳቀ። ከሞትክ ወዲህ በዚህ ግቢ የተሳቀ የመጀመሪያው ሳቅ ነው። እኔ ፊቴን አዞርኩ።

ትናንት ተራችን ነበር። እነ ዑመር ሞተሩን ይዘው ወረዱ፤ እኔ ድምፁን ለመስማት ከግቢው ግድግዳ ተጠግቼ ቀረሁ። ባዶ ሞተር ድምፁ ቀጭን ነው፤ ውሃ ሲይዝ ይወፍራል። ተነሳ፣ ጠፋ። እንደገና ተነሳ፤ ቀጭን ነው። ያ አላህ፣ ያ አላህ እያልኩ ቆየሁ። ድንገት ወፈረ። ደስታ ይሁን ምን እንጃ፣ ራሴን ያገኘሁት ጓዳ ውስጥ ነው። ምሳህን በጨርቅ ጠቅልዬ፣ ቋጠሮውን እያጠበቅሁ። ሞተሩ ውሃ ሲይዝ ምሳህን ማንሳት እጄ ለምዷል፤ መሞትህን ገና አልነገርኩትም።

ውሃው ታችኛውን መደብ አጠጣ። ላይኛው ጋ ሳይደርስ ተራችን አለቀ። ዑመር ትንሽ ጨምሩልኝ ብሎ ቢለምን፣ ጋሼ ይማም «ልጄ፣ ለሰይድ ብዬ ብጨምርልህ ነገ ውሃ ለሚጠብቀው ምን እላለሁ?» ብለው ቆረጡት። ዓይናቸውን እየጠረጉ ነው ያሉት አሉ። እውነታቸውን ነው። ላይኛው መደብ ግን ጫፉ ነጥቷል፤ እስከሚቀጥለው ተራ አይቆይም ይላል ዑመር። ነቅሎ ለከብት ሊሰጠው ነበር። «አትንካው» ብዬ ጮህኩበት፤ እኔ፣ ድምፄ ከጓዳ ወጥቶ የማያውቀው።

ዒዳዬ ሲያልቅ መጀመሪያ የምሄደው እዚያ ላይኛው መደብ ነው። የአንተ እጅ የተከለውን የእኔ እጅ ይነቅለዋል። መሬቱ ለእኩል አይሄድም፤ ዑመር ቢደክመው ሞተሩን እኔ አስነሳዋለሁ፣ ቅርጫቱንም እንደ አንተ አድርጌ አስቀምጠዋለሁ። አልረሳህም የሚለውን ለቀስተኛው ሁሉ ብሎታልና ለእኔ አነሰኝ። እስከዚያ ድረስ ግን ተራችን በደረሰ ቁጥር ከግድግዳው ተጠግቼ እሰማለሁ። ድምፁ ሲወፍር አልሐምዱሊላህ እላለሁ፤ ከዚያ ወደ ጓዳ እንዳልገባ አንዱን እጄን በሌላው እይዛለሁ።

ሚስትህ ፋጡማ