ስም ያልተጻፈበት ካሴት

ለማንም ሳልናገረው የኖርሁትን አስቀድሜ ላስመዝግብ። «ጥቁር ጨው» የተባለው ባንድ ሁለተኛ ሥራውን የቀዳበትን ካሴት ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ባሌ ኤርቬ አልሸጠውም።

እኔ በፈረንሳይ አገር የብሬስት ከተማ ነዋሪ ሶላንዥ ለጎፍ፣ ዛሬ ሰኞ ኖቬምበር 14 ቀን 2023፣ አእምሮዬ ሳይናወጥ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ ይህን ኑዛዜ በውል አዋዋዩና በሁለት ምስክሮች ፊት እናገራለሁ። ውል አዋዋዩ «ማክሰኞ ነው፣ ወይዘሮ ሶላንዥ» ብለውኛል። ማክሰኞ ይሁን።

አንደኛ፣ ቤቱ ለእህቴ ልጅ ለኦድ ይሁን። ጣሪያው ያፈሳል፤ ታውቀዋለች።

ሁለተኛ፣ ክሬፕ የሚባለውን ስስ ቂጣ የምጋግርበት መጥበሻዬ ለጎረቤቴ ለኢቮን። ውል አዋዋዩ ምስክር አይወርስም አሉ። ኢቮን፣ «እንግዲያስ ምስክርነቱን ለሌላ ስጡትና መጥበሻዬን አምጡ» አለች። ሁለተኛው ምስክር፣ ዓሣ ሻጩ ቲቦ፣ «አርፈሽ ተቀመጪ፤ አንቺ ከማሳረር አታልፊ» አላት። ይህም ይጻፍ። መጥበሻው ለኦድ ይሁን፤ ኢቮን እየተዋሰች ትጠቀምበት።

ሦስተኛ፣ የኤርቬ ጊታር። ስለ ጊታሩ ለመናገር ስለ ባንዱ መናገር አለብኝ፤ ከየት እንደምጀምር ግን አላውቅም።

በ1983 የባንዱ ልጆች ሊለማመዱ ወደቡ ላይ ባለቤቱ የተወውን የዓሣ መጋዘን ሰብረው ገቡ። ጊታሩን ኤርቬ ይመታል፣ ናዴዥ ሞአል ትዘፍናለች። የሚታገሣቸው ከበሮ መቺ ስላጡ ከበሮውን ማሽን ይመታላቸው ነበር፤ «እሱ ቢራ አይጠጣብንም» ትል ነበር ናዴዥ። በአሮጌ የዳቦ መኪና እስከ ቱሉዝ ዞሩ። የመጀመሪያ ሸክላቸውን ሽፋን ከጋዜጣ በተቆረጡ ፊደሎች የለጠፍሁት እኔ ነኝ። አንዷን ገልብጬ ለጠፍኋት፤ ሆን ብዬ መስሏቸው አጨበጨቡልኝ። ማንበብ እንደማልችል ኤርቬ እንኳ አያውቅም ነበር።

የፓሪስ የሙዚቃ ኩባንያ ሲጠራቸው አንሄድም አሉ። ካሴት ላይ ስም መጻፍም በእነሱ ዘንድ ነውር ነበር። «ስም የሚለጠፈው ሳርዲን ቆርቆሮ ላይ ነው» ትላለች ናዴዥ። ስለዚህ የቤታችን ካሴቶች ሁሉ መንታ ይመስሉ ነበር። እኔ ደግሞ ብቻዬን ስሆን ማንበብ እለማመድ ነበር፤ ስህተቴን መልሼ እንድሰማ ድምፄን እቀዳለሁ። አንድ ቀን ጠረጴዛው ላይ ያገኘሁትን ካሴት አንሥቼ ቀዳሁበት።

ናዴዥ ሁለተኛ ሥራቸውን የቀዱበትን ካሴት ልትወስድ መጣች። ኤርቬ ቢፈልግ አጣው።

«ለፓሪሶቹ ሸጥኸው፣ አይደል?»

«እኔ? ናዴዥ፣ እኔን ነው?»

«ታዲያ እግር አውጥቶ ሄደ?»

ካሴቱ ሽርጤ ኪስ ውስጥ ነበር። ሾርባውን እያማሰልሁ ዝም አልሁ። ባንዱ በዚያው ቀን ፈረሰ፤ ኤርቬም እስኪሞት የሻጭ ስም ተሸክሞ ኖረ። ዝም ያልሁት ከማፈሬ ይሁን፣ ኤርቬ ከመንገድ ወደ ቤት ስለተመለሰልኝ ይሁን፣ ዛሬም ለይቼ አላውቅም።

አራተኛ... ሦስተኛውን ጨርሻለሁ? ጊታሩ ከካሴቱ ጋር ይሂድ።

ካሴቱን አሁን በምስክሮቹ ፊት አጫውቼዋለሁ። በአንደኛው ፊት የእኔ ንባብ አለ። ሲገለበጥ ግን አንዲት ሴት በማይታወቅ ቋንቋ ትጮኻለች። ኢቮን አማተበች። በወጣትነቱ የራሱ ባንድ የነበረው ቲቦ ጆሮውን አስጠጋ።

«እትዬ ሶላንዥ፣ ይኼ የካሴቱን ሁለት ፊት በአንድ ጊዜ፣ በአንድ አቅጣጫ በሚሞላ ባለ አራት መስመር መቅጃ የተቀዳ ነው። ያጠፋሽው ሁለቱን መስመር ብቻ ነው። የቀሩት ከኋላ ወደ ፊት እየሄዱ ነው እንጂ ቋንቋውስ የእኛው ነው። ይስተካከላል።»

«የማን ድምፅ ነው?»

«የናዴዥ ነዋ።»

«ጊታሩስ?»

ቲቦ የእኔ ንባብ ያለበትን ፊት በጣቱ አመለከተኝ። እንግዲህ የባሌን እጅ አጥፍቼ የእሷን ድምፅ ነው ያኖርሁላት። በዚህ ልደሰት ወይስ ላልቅስ፣ ውል አዋዋዩን ብጠይቃቸው ከሕግ ውጭ ነው አሉኝ።

ካሴቱ ላይ ስሟን ልጻፍበት ብዬ ነበር። ትቆጣለች፤ ተውሁት።

የተናገርሁት ተነቦልኝ፣ ራሴም አንብቤው ፈርሜአለሁ፦ ሶላንዥ ለጎፍ።
ሲነገር የሰማን፦ ኢቮን ኬሬ፣ ቲቦ ላጋዴክ።

ይህ ጽሑፍ፣ ጊታሩና ካሴቱ የሚደርሱት ኬምፔር ለምትኖረው ለናዴዥ ሞአል ነው።